ዶሮ ወጡም ይበላ፣ ሩጫውም አይቅር፦ ከገና እስከ ጥምቀት

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የደረሱን ናቸው፤ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከለገዳዲ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሰንዳፋና ከአቃቂ። ጠያቂዎቹ ለሜዳሊያ የሚሮጡ ሳይሆኑ ሥራና ቤተሰብ ይዘው ጠዋት ወይ ማታ የሚሮጡ ሰዎች ናቸው። ጭንቀታቸውም ተቀራራቢ ነው፤ የነቢያት ጾም፣ ገናና ጥምቀት ተከታትለው ሲመጡ ከመስከረም የተያዘው ልምምድ ይፈርሳል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው፣ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ከመስከረም ወዲህ በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ፤ በድምሩ 36 ኪሎ ሜትር፣ ረጅሙ የእሑዱ 14 ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይቋረጥብኛል፤ ስመለስ ጥር እያለቀ ነው፤ ያኔ 5 ኪሎ ሜትር እንኳ ያስለከልከኛል። ዘንድሮ ምን ባደርግ ይሻላል? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ችግሩ የሚጀምረው ታኅሣሥን እንደ ኅዳር ለመሮጥ ሲታሰብ ነው። 36 ኪሎ ሜትሩ አይሞላም፤ አንድ ቀን ሲጎድል «በቃ ይህ ሳምንት ተበላሽቷል» ይባላል፤ ከዚያ ቀሪውም ይቀራል። በእነዚህ አራት ሳምንታት አቅም ልጨምር አይበሉ፤ ያለዎትን ይዘው ለመሻገር ይሩጡ። ይህ ደግሞ ከሚገምቱት በጣም ያነሰ ሥራ ነው የሚጠይቀው። ርቀቱን ወደ ግማሽ ቢያወርዱትም በሳምንት አንዴ ፈጠን ብለው መሮጥዎን ካልተዉ፣ የልብና የሳንባ አቅምዎ ለሳምንታት ብዙም ሳይወርድ ይቆያል። ርቀቱን ጠብቀው ፍጥነቱን ሙሉ በሙሉ ከተዉ ግን ቶሎ ይወርዳል። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው ከባዱ ቀን ነዋ።

ጨርሶ ሲያቆሙስ ምን ይሆናል? በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይቀንሳል። ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ስለሚያንስ ትናንት ቀላል የነበረው ሩጫ ዛሬ የልብ ምትዎን ከፍ ያደርገዋል። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲያልፍ ደግሞ ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በግልጽ መውረድ ይጀምራል። ጥር መጨረሻ ላይ የሚያስለከልክዎ ይህ ነው።

ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በድምሩ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበቃዎታል። አንዱ ፍጥነት ያለበት ይሁን፦ 10 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከዚያ 2 ደቂቃ ፈጠን 2 ደቂቃ ዝግ እያሉ ስድስት ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ ሶምሶማ። በድምሩ 39 ደቂቃ ነው። ፈጠን ማለት እስትንፋስ እስኪያጥር መክነፍ አይደለም፤ ሦስት አራት ቃል ተናግረው ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ የሚያቅትዎ ፍጥነት ነው። ሁለተኛው ቀን እያወሩ የሚሮጡት 5 ኪሎ ሜትር፣ ሦስተኛው ከ9 እስከ 10 ኪሎ ሜትር። ከሦስቱ አንዱ መቅረት ካለበት 5 ኪሎ ሜትሩ ይቅር።

ቀኖቹን ከወዲሁ ቀን መቁጠሪያው ላይ ያስቀምጡ። ታኅሣሥ 28 ገበያና ማድ ቤት ነው፤ ሌሊቱ ቅዳሴ ነው፤ 29 እንግዳ አለ፤ 30 ሰው ቤት ይኬዳል። በእነዚህ ሦስት ቀናት ምንም አይያዙ። ረጅሙን ሩጫ በ26 ወይም በ27 ጨርሰው ጥር 1 ወይም 2 ቢመለሱ መሀል ላይ ያረፉት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቢሆን ነው፤ ይህ ምንም አይጎዳም፤ እንዲያውም እግር ያድሳል። (በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚከበረው በ28 ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን ያስቀድሙ።) ከጥር 2 እስከ 9 ሙሉ ሳምንት አለዎት፤ ብዙ ሰው በሁለቱ በዓላት መካከል እንዳለ ረስቶ የሚያባክነው ሳምንት ነው። ከጥር 13 በኋላ ከ20 ወደ 25፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 36 በሳምንት በሳምንት ይመለሱ።

ያመለጠ ቀን ደግሞ አይካካስም። ሁለት የቀረ ሩጫ ቅዳሜ ላይ ደርቦ 20 ኪሎ ሜትር መሮጥ በጥር የምናያቸው የባትና የተረከዝ ሕመሞች ዋና መነሻ ነው። እስከ ሦስት ቀን ከቀረብዎ ካቆሙበት ይቀጥሉ። ሳምንት ከቀረ የመጀመሪያውን ሩጫ በሲሶ ያሳጥሩ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ በግማሽ ርቀት ይጀምሩ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ፍጥነት የሚባል ነገር አይንኩ። ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል፤ ጅማትና አጥንት ግን ጭነቱን እንደገና የሚለምዱት በዝግታ ነው። «ደህና ነኝ» ብለው ሲፈጥኑ ጉዳት የሚመጣው በዚህ ልዩነት ነው።

ጥያቄ፦ ጾሙን ሰዓት ይዤ ነው የምጾመው፤ የምቀምሰው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው። ውኃም እስከዚያ አልጠጣም። ጠዋት ስሮጥ ያዞረኛል፤ ማታ ስሮጥ ሆዴ ይከብደኛል። መቼ ልሩጥ? ምንስ ልብላ? (ከሰበታ)

መልስ፦ ጠዋት መሮጥ ይችላሉ፤ ግን ቀላሉን ብቻ፣ ከ40 ደቂቃ ሳያልፍ። ያ ሩጫ የሚነዳው ማታ በበሉትና በጠጡት ነው። ማዞሩ ባብዛኛው ከምግብ እጦት ይልቅ ከውኃ እጦት ይመጣል፤ ከ9 ሰዓት ጀምረው እስኪተኙ ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ከፋፍለው ካልጠጡ ጠዋት ጎድለው ነው የሚነሡት። ሲነሡ ሽንትዎ እንደ ጠላ ከጠቆረ የዚያን ቀን ሩጫ ወደ ማታ ያዛውሩት። ላብ ያፈሰሰ ሰው እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ መዋሉንም አስቀድመው ያስቡበት፤ ፀሐዩ ጠንከር በሚልባቸው ቀናት የጠዋቱን ሩጫ በፈጣን እርምጃ ይተኩት።

ፍጥነት ያለበትን ቀን ወደ ማታ ያድርጉት። 9 ሰዓት ላይ ሙሉ ማዕድ አይቅረቡ፤ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ወይም ሁለት ሙዝና አንድ ቁራጭ ዳቦ ይብሉ፤ ግማሽ ሊትር ውኃ ይጠጡ። 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ይውጡ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ10 አካባቢ ስለሆነ ሳይጨልም ይመለሳሉ። ዋናውን እራት ከሩጫው በኋላ ይብሉ። ሆድ የሚከብድዎ 9 ሰዓት ላይ ጠግበው ስለሚበሉ ነው፤ ክክና ባቄላ ለመፈጨት ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሩጫ ላይ ደግሞ ይነፋሉ።

በሶ ለሯጭ ጥሩ ነው፤ አወሳሰዱ ግን ይለያያል። ከሩጫ በኋላ ከሆነ አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ በሁለት ብርጭቆ ውኃ፣ ቁንጥር ጨው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አድርገው በደንብ መትተው ይጠጡት። ከሩጫ በፊት ከሆነ ቀጠን ይበል፤ ሁለት ሰዓትም ይቆይ። ወፍራም በሶ ጠጥቶ ወዲያው የሮጠ ሰው ውጋት ይዞት ይቆማል። ተልባን ከሩጫ በፊት አይሞክሩት፤ ምክንያቱን ከመንገድ ላይ ሆነው ያገኙታል።

ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ጠዋት ያድርጉት። ቅዳሜና እሑድ የፍስክ ምግብ ባይበላም ሰዓት ስለማይያዝ ከሩጫ እንደተመለሱ መብላትና መጠጣት ይችላሉ፤ እሑድን ለቅዳሴ ይተዉታል። በእነዚህ ሳምንታት ስለ ብረት ማዕድንም ያስቡ፤ በተለይ ሴቶች። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመንና ጤፍ ብረት አላቸው፤ ሰውነት ግን ከእህልና ከቅጠል የሚወስደው ከሥጋ ከሚወስደው ያነሰ ነው። ቲማቲም ወይም ሎሚ አብሮ ሲበላ ይጨምራል፤ ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ይቀንሳል። ቡናውን አንድ ሰዓት ቢያዘገዩት ምንም አይቀርብዎትም።

ጾሙ የተፈታ ቀንና ማግስቱን ሩጫ አይያዙ። ከ40 ቀን በላይ ቅቤ፣ ወተትና ሥጋ ያልቀመሰ ሆድ በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥና አይብ ሲወርድበት ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የበዓል ሥራው በሙሉ እኔ ላይ ነው፤ ሽንኩርቱ፣ ዶሮው፣ ድፎ ዳቦው፣ እንግዳው። አንድ ሰዓት የሚባል ነገር የለኝም። 25 ደቂቃ ሮጦ መመለስ ጥቅም አለው ወይስ ልተወው? ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስውል ደግሞ ባቴ ይጠጥራል። (ከቡራዩ)

መልስ፦ እህታችን፣ 25 ደቂቃ ይበቃል፤ ያውም ከቡራዩ ዳገት ጋር። ከቤትዎ አጠገብ ሃያ ሠላሳ ሜትር ሳይሆን መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል የሚረዝም ዳገት ይፈልጉ፤ በጣም የቆመ አይሁን። 10 ደቂቃ በሶምሶማ ይሟሟቁ። ከዚያ ዳገቱን ለ30 ሰከንድ ጠንከር ብለው ይውጡ፤ ወደ ታች በእርምጃ ይውረዱ፤ ይህን ስድስት ጊዜ ይድገሙ። ቀሪውን ደቂቃ ወደ ቤት በቀስታ። ዳገት ላይ እግር መሬቱን የሚመታው በዝግታ ስለሆነ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ልብ ግን እንደ ፈጣን ሩጫ ይሠራል። በሳምንት ሁለቴ ይህን ካደረጉ ገናን አልፈው አቅምዎ እንዳለ ያገኙታል። ቁልቁለቱን መሮጥ ግን አይሞክሩ፤ ጭንን የሚያሳምመው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ ቆመው ቁሌት ማቁላላት አለብዎ።

ሰዓቱ፣ ምድጃ ከመለኮሱ በፊት ይሁን። «ሽንኩርቱን ልጣድና ቁሌቱ እስኪበስል ልውጣ» የሚለው አያዋጣም፤ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ እየተማሰለ የሚቆም ነው፤ ዞር ሲሉ ያራል። ይልቅ ሽንኩርቱን የሚከትፍ ሰው ይመድቡ። ይህ ምክር ለባለቤትዎ ነው፦ 25 ደቂቃ ልጆች መያዝና ሁለት ኪሎ ሽንኩርት መላጥ ከማንም ዐቅም በላይ አይደለም።

የባቱ መጠጠር የመጣው ሲሚንቶ ላይ በነጠላ ጫማ ረጅም ሰዓት በመቆም ነው። ማድ ቤት ውስጥ የሩጫ ጫማዎን ባይሆንም ተረከዙ ወፈር ያለ ጫማ ያድርጉ። በየሰዓቱ ጠረጴዛ ይዘው በእግር ጣት 15 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይበሉ። ማታ እግርዎን ግድግዳ ላይ ሰቅለው 10 ደቂቃ ይተኙ። አንዱ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ የሚያም ከሆነ ግን የድካም ስላልሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ዶሮ ወጥ ከበላሁ ከስንት ሰዓት በኋላ መሮጥ እችላለሁ? ጠጅስ? (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ ቅቤ የበዛበት ወጥ ከሆነ አራት ሰዓት። ቅባት ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ በርበሬው ደግሞ ሲሮጡ ወደ ላይ እየመለሰ ቃር ያመጣል። ጥሬ ሥጋ ከበሉ በዚያ ቀን አለመሮጥ ይሻላል። ሳምንታት አልፈው ያለ ምክንያት ሆድ የሚረብሽዎ ከሆነ ወይም በሰገራ ውስጥ ነጫጭ ቁራጭ ካዩ ኮሶ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያድርጉ።

ጠጅና አረቄ ሽንት ያበዛሉ፤ እንቅልፍ ይረብሻሉ፤ በማግስቱም የልብ ምትን ከፍ ያደርጋሉ። ሁለት ብርሌ የጠጣ ሰው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ 30 ደቂቃ በቀስታ ቢሮጥ ችግር የለውም። ከዚያ ያለፈ ይተኛ። «በላብ አወጣዋለሁ» የሚባለው ልማድ ውሸት ነው፤ አልኮልን የሚያስወግደው ጉበት ነው፣ በራሱ ፍጥነት። ሩጫው የሚያወጣው አስቀድሞ የጎደለውን ውኃ ነው። ካስፈለገ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በልክ ሟሙቶ፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት ቀስ እየተባለ ይጠጣል። ማንኪያዎቹ ለጥ ያሉ ይሁኑ፤ ጨው ከበዛ ጉዳት አለው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለገና ከዋሽንግተን ይመጣል። እዚያ ግማሽ ማራቶን ይሮጣል፤ «በደረስኩ በማግስቱ እንጦጦ ውሰደኝ» ብሎኛል። ልውሰደው? (ከለገዳዲ)

መልስ፦ ይውሰዱት፤ ጫካውን አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በእግሩ ተራምዶ ይመለስ። ሩጫው ይቆይ። የሚመጣው ከባሕር ጠለል ብዙም ከማይርቅ ከተማ ነው። አዲስ አበባ መሀሉ እንኳ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ ገና ያልለመደ ሰው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የ8 ሰዓት የሰዓት ልዩነት አለ፤ በእሱ ሰውነት የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ሌሊት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እርምጃና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀላል ሶምሶማ፣ ሜዳ ላይ። ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን እስከ 45 ደቂቃ፤ ፍጥነቱ ግን እዚያ ከለመደው በኪሎ ሜትር ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይዘግይ። የእጅ ሰዓቱን ቤት ይተወው፤ መለኪያው ወሬ ነው፤ እየሮጠ አብሮዎት ማውራት ካልቻለ ፈጥኗል። እንጦጦን ከሳምንት በኋላ፣ በእርስዎ ፍጥነት ሳይሆን በእሱ። በፍጥነት መሮጥ ካማረው ወደ አቃቂ አስፋልት ወይም ወደ ቢሾፍቱ ይዘውት ይውረዱ፤ ቢሾፍቱ ከ1,900 ሜትር ትንሽ ከፍ ቢል ነው፤ የአገር አትሌቶችም ፍጥነት ሲፈልጉ ዝቅ ወዳለው መሬት ነው የሚወርዱት።

ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መቆራረጥና የምግብ ፍላጎት ማጣት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች የተለመዱ ናቸው። የእንግዳ ጠጅ በነዚያ ቀናት አይቀዳለት፤ ራስ ምታቱንም የእንቅልፍ መቆራረጡንም ያባብሳል። ራስ ምታቱ ማስታወክ ከጨመረ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ሐኪም ቤት ነው። ፀሐዩንም አይናቁት፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም በዚህ ከፍታ ቆዳ ቶሎ ያቃጥላል፤ ቆብ ያድርግ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምሮጠው። ብርዱ ደረቴን ያሳልኛል፤ ውሻ ያባርረኛል፤ አንድ ቀን ጅብ አይቻለሁ። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው፤ አንተ የምትወጣው ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድመህ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ ያን ጊዜ ሣሩ ላይ ውርጭ ይዞ ያድራል። ትምህርት ባለበት ቀን ሩጫህን ወደ 10 ሰዓት ተኩል ከሰዓት አዛውረው፤ ጠዋቱን ለቅዳሜና ለእሑድ አድርገው፣ ያውም 1 ሰዓት ላይ። ሳሉ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በአፍ ሲሳብ የሚመጣ ነው። ቤት ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ጉልበት እያነሣህ ተሟሟቅ፤ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ በአፍንጫ መተንፈስ እስክትችል ድረስ ዝግ በል፤ አንገትህ ላይ ስስ ሻሽ አድርገህ አፍህን ሸፍን። ሲሮጡ የሚያፍን ወይም የሚያስፏጭ ሳል ከሆነ ግን አስም ሊሆን ስለሚችል ተመርመር። ልብስህ ሁለት ስስ ይሁን እንጂ አንድ ወፍራም አይሁን፤ ከውስጥ ቲሸርት፣ ከላይ የቱታ ጃኬት፣ ጓንትና ቆብ። ስትሞቅ ጃኬቱን ወገብህ ላይ ታስረዋለህ። ውርጩ የቀለጠበት ሣር ጫማ ያርሳል፤ እርጥብ ካልሲ ደግሞ ውኃ ያስቋጥራል፤ ስለዚህ በማለዳ ከሣሩ ይልቅ ጥርጊያው ይሻላል።

ውሻ ሲመጣብህ አትሩጥ። ቁም፤ ፊትህን ወደ እሱ አድርግ፤ ጎንበስ ብለህ ድንጋይ የምታነሣ ምሰል፤ አብዛኛው እዚያው ይመለሳል። ከዚያ ጀርባህን ሳትሰጥ በእርምጃ ራቅ። ከነከሰህ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ሙሉ 15 ደቂቃ እጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂደህ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጀምር። «የታወቀ ውሻ ነው» ብሎ መጠበቅ፣ ቅጠል መጭመቅ፣ የለም፤ ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም።

ጅቡን በተመለከተ፣ ከበዓል በኋላ ያሉት ሦስት አራት ሌሊቶች የባሱ ናቸው። የታረደው በግና በሬ አንጀት፣ አጥንትና ቆዳ ወንዝ ዳርና ገደል ውስጥ ይጣላል፤ ጅቡም ውሻውም እዚያ ይሰበሰባል። በእነዚያ ቀናት ሳይነጋ አትውጣ፤ ከነጋም በወንዙ በኩል አትሂድ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሩጡ። የጎጃም መንገድ አስፋልት ላይ ከሆንክ ደግሞ በግራ ጠርዝ፣ መኪናው ፊት ለፊት እየመጣ እንድታየው አድርገህ ሩጥ፤ ጆሮ ማዳመጫ አውልቅ፤ የበዓል ሰሞን ከብትና በግ የጫነ አይሱዙ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ የምሮጥበት መንገድ በጥምቀት ይዘጋል። በሦስቱም ቀን መተው ነው? (ከአቃቂ)

መልስ፦ አይደለም። ጥር 10 ጠዋት መንገዱ ነፃ ነው፤ ታቦታት የሚወጡት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እስከ 3 ሰዓት ጨርሰው ይመለሱ። 11ን ይተዉት፤ ከንጋት ጀምሮ ጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ሕዝብ ነው፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ታቦታት ይመለሳሉ። በ12 የሚመለሰው የሚካኤል ታቦት ነው፤ በመንገድዎ ላይ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከሌለ ይሩጡ። ሰልፍ ካጋጠመዎት ቆመው ያሳልፉ፤ መሀሉን አያቋርጡ፤ ወጣቶቹ ያነጠፉትንም ምንጣፍ በጫማ አይርገጡ።

ጥያቄ፦ አምና በገና ጨዋታ ላይ ስፈተለክ ከጭኔ በስተኋላ አንድ ነገር ጨመደደኝ። ወጌሻ አሸልኝ፤ ባሰብኝ። ሯጭ ሆኜ እንዴት ይህ ይደርስብኛል? ዘንድሮም መጫወት እፈልጋለሁ። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ሯጭ ስለሆኑ ነው የደረሰብዎ ብንል አልተሳሳትንም። በሳምንት ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሚሮጥ እግር አንድ ዓይነት ፍጥነት ነው የሚያውቀው። የገና ጨዋታ ደግሞ ቆሞ ከመቆየት ድንገት በሙሉ ኃይል መፈትለክ፣ ጎንበስ ብሎ ዱላ መሰንዘር፣ ወዲያው መዞር ነው። የኋላ ጭን ጡንቻ የሚቀደደው እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ መሬት ሊነካ ሲል፣ ጡንቻው እየተሳበ ባለበት ቅጽበት ነው፤ ጎንበስ ማለቱ ደግሞ ይበልጥ ይስበዋል። በዚያ ላይ ሌሊት ያልተኛ፣ ጠዋት የጠገበ ሰው ነው የሚጫወተው።

ማሸቱ ያባባሰው በተቀደደ ጡንቻ ውስጥ የሚፈሰውን ደም ስለሚያበዛው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ማንም አይሸው፤ አይዘርጉትም። በረዶ በፎጣ ጠቅልለው 15 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሦስት አራቴ ያድርጉበት፤ በስሱ ይጠቅልሉት፤ በሚችሉት መጠን ይራመዱ። ሲጎዳ ድምፅ ከተሰማ፣ ሰፊ ጥቁረት ከወጣ ወይም መራመድ ካቃተ ሐኪም ይየው። ቀላሉ ጉዳት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ወደ ሩጫ የሚመለሱት ፈጣን እርምጃ ሳያምዎ ሲቀር፣ ከዚያም በጀርባ ተኝተው የተጎዳውን እግር ተረከዝ ወንበር ላይ አድርገው ወገብዎን አሥር ጊዜ ሲያነሡ ከጤነኛው እግር ጋር እኩል ሲሆን ነው።

ዘንድሮ ለመጫወት ከጨዋታው ሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ይህንኑ ወገብ የማንሣት ልምምድ በሳምንት ሦስቴ፣ በየእግሩ 10 ጊዜ፣ ሁለት ዙር ያድርጉ። ከሁለት ሩጫዎችዎ መጨረሻ ላይ 60 ሜትር እየፈጠኑ የሚሄዱበት አራት ሩጫ ይጨምሩ፤ የመጀመሪያው በግማሽ ኃይል፣ የመጨረሻው ከሙሉ ኃይል ትንሽ ዝቅ ብሎ። በዕለቱም ሜዳ ሲገቡ 10 ደቂቃ ተሟሙቀው እነዚህኑ አራቱን ይድገሙ። ቆመው ከቆዩ፣ ኳሷ ወደ እርስዎ ከመምጣቷ በፊት እግርዎን ያንቀሳቅሱ።

ጥያቄ፦ ለበዓል አዲስ የሩጫ ጫማ ሊገዛልኝ ነው። ኦሪጅናል መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሠፈራችን ኮብልስቶንና ኮረኮንች ነው። (ከሰበታ)

መልስ፦ ምልክቱን ትተው ጫማውን ይፈትኑት። አፍንጫውንና ተረከዙን ይዘው ሲያጥፉት መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፤ መሀሉ ላይ እንደ ካርቶን ከታጠፈ ይተዉት። ተረከዙን የሚይዘው ክፍል ሲጫኑት መሰርጎድ የለበትም። እንደ ፎጣ ሊጠመዘዝ ከቻለ ለኮብልስቶን አይሆንም፤ ቁርጭምጭሚት ያስከፍላል። ማታ፣ እግር ሲያብጥ ይለኩት፤ የሚሮጡበትን ካልሲ አድርገው፤ ከትልቁ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይቅር። ሳልባጅም ቢሆን ነውር የለውም፤ ግን ሶሉን ከኋላ ይዩት፤ በአንድ ጎን ከተበላ የሌላ ሰው አረጋገጥ ነው የሚገዙት። ደህና ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ኮረኮንች ላይ ወደ ዝቅተኛው ይቀርባል። አዲሱን በመጀመሪያ ሦስት አጫጭር ሩጫ ላይ ይልመዱት፤ አሮጌውን እስከዚያ አይጣሉ።